«ማሽኑ ከገበያ ይሰብሰብ ተብሏል»፦ ስለ ድንገተኛ መተንፈሻ መሣሪያዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምሠራው ከፒያሳ ወደ ለገሃር በሚወርደው በቸርችል ጎዳና፣ ከቴዎድሮስ አደባባይ ብዙም ሳይርቅ ነው። የሕክምና መሣሪያ እጠግናለሁ። ሰው ወደ እኔ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑ ተበላሽቶበት ነው፤ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ሌላ ዓይነት ባለጉዳይ በዝቷል። ማሽኑ ይሠራል፣ ድምፁም ደህና ነው። ነገር ግን ልጃቸው ወይም እኅታቸው ከዋሽንግተን ደውላ «ያ ማሽን ከገበያ ይሰብሰብ ተብሏል አሉ» ብላቸዋለች። ሌሊቱን እንቅልፍ አጥተው ያድሩና ጠዋት ማሽኑን በፌስታል ይዘው ይመጣሉ። ከዚህ በታች ያሉት እነዚህ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄዎች ናቸው። ሐኪም አይደለሁም፤ የበሽታው ነገር የሐኪሙ ነው። እኔ የምናገረው ስለ ዕቃው ነው።

«ከገበያ ይሰብሰብ» ሲባል ማሽኔን መጥተው ይወስዱታል ማለት ነው?

የግድ አይደለም። ስሙ ሰውን ያሳስታል። ጥሪው የሚወጣው አምራቹ ወይም ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በአንድ ምርት ላይ ጉድለት ሲያገኝ ነው። አንዳንዱ ጥሪ «መልሱ፣ አትጠቀሙበት» ይላል። አንዳንዱ ግን ዕቃው ካለበት ቦታ ሳይንቀሳቀስ እንዲታረም ብቻ ያዛል፦ ሶፍትዌሩ ይቀየራል፣ አንድ ክፍል ይተካል፣ ወይም መመሪያው ላይ አዲስ ማስጠንቀቂያ ይጨመራል። ስለዚህ «ጥሪ ወጥቶበታል» የሚለውን ወሬ ብቻ ሰምቶ መወሰን አይቻልም፤ ጥሪው ምን አድርጉ እንዳለ ማንበብ ያስፈልጋል።

ደረጃም አለው። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር፣ በተለምዶ ኤፍዲኤ የሚባለው፣ ጥሪዎችን በሦስት ይከፍላል። አንደኛ ደረጃ ዕቃው ከባድ የጤና ጉዳት ወይም ሞት ሊያስከትል ይችላል ተብሎ በምክንያት ሲታመን ነው። ሁለተኛው ጊዜያዊ ወይም በሕክምና የሚድን ጉዳት ሊያደርስ ለሚችል፣ ሦስተኛው ደግሞ ጉዳት ያደርሳል ተብሎ ለማይጠበቅ ጉድለት ነው። ቁጥሩ ሲያንስ አደጋው ይበልጣል ማለት ነው፤ ብዙ ሰው ግን ገልብጦ ይረዳዋል። «የእርስዎ ማሽን አንደኛ ደረጃ ነው» ስላቸው «ተመስገን» ያሉኝ አዛውንት አሉ።

ማሽኑ በደንብ እየሠራ ነው። ታዲያ ምን ሆነ ብዬ ልጨነቅ?

ማቀዝቀዣ ሲበላሽ ወተቱ ይነግርዎታል። የድንገተኛ መተንፈሻ መሣሪያ ግን አብዛኛውን ዕድሜውን የሚያሳልፈው መሳቢያ ውስጥ፣ አልጋ ሥር ወይም ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነው። መበላሸቱ የሚታወቀው ሰው ትንፋሽ ባጠረው ሰዓት ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሌላ ለመፈለግ ጊዜ የለም።

አንድ ምሳሌ ልንገርዎት። የአሜሪካ የከሰል ማዕድን ሠራተኞች ይዘውት የሚወርዱት ኤስአር-100 የተባለ መሣሪያ ነበር፤ ሲኤስኢ የሚባል ኩባንያ የሠራው ነው። ከመሬት በታች እሳት ወይም ፍንዳታ ሲነሳ ሠራተኛው ማሸጊያውን ከፍቶ አፉ ላይ ያደርገዋል፤ ለአንድ ሰዓት ያህል ኦክስጅን ይሰጠዋል። የታሸገ ዕቃ ነው፤ «እስቲ ልሞክረው» ብሎ የከፈተ ሰው ጨረሰው ማለት ነው። ስለዚህ የአገሪቱ መንግሥት ተቋማት ከየማዕድኑ ናሙና ሰብስበው ፈተሹት። ከአንዳንዶቹ ገና ሲከፈቱ መውጣት የነበረበት የመጀመሪያው ኦክስጅን በአግባቡ ሳይወጣ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2012 መሣሪያው ደረጃ በደረጃ ከማዕድን ጉድጓዶች እንዲወጣ ተወሰነ። ከሠራተኞቹ አንዱም ቢሆን ወገቡ ላይ የታጠቀውን አገላብጦ አይቶ ጉድለቱን ሊያውቅ አይችልም ነበር። ጥሪ የሚባለው ነገር የተፈጠረው ለዚህ ነው፦ እርስዎ ቤትዎ ሆነው ሊፈትሹት የማይችሉትን ሌላ ሰው በብዛት ፈትሾ እንዲነግርዎት።

ማሽኑ ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ ነው። ጥሪው እኔን ይመለከታል?

ይመለከታል። ችግሩ ጥሪው ወደ እርስዎ የሚመጣበት መንገድ አለመኖሩ ነው።

ጥሪ የሚሄደው በወረቀት ላይ ነው። አምራቹ ለየትኛው አከፋፋይ እንደሸጠ ያውቃል፣ አከፋፋዩ ለየትኛው ሆስፒታል ወይም ታካሚ እንዳስረከበ ይመዘግባል። ጉድለት ሲገኝ ደብዳቤው ያንኑ መስመር ተከትሎ ይወርዳል። እዚህ አራት ኪሎና ካዛንቺስ ቤት ውስጥ የማያቸው ብዙዎቹ ማሽኖች ግን ከዚህ መስመር የወጡ ናቸው። አንድ ሰው ሜሪላንድ ውስጥ ይሞታል ወይም አዲስ ማሽን ይሰጠዋል፤ አሮጌውን ቤተሰቡ ለቤተ ክርስቲያን ወዳጅ ይሰጣል፤ ወዳጁ ሁለት ካፖርት መካከል ጠቅልሎ ቦሌ ያወርደዋል። ደብዳቤው ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ የፖስታ ሣጥን ውስጥ ይገባል፤ ማሽኑ ግን አራት ኪሎ አንዲት እናት ራስጌ ላይ ነው ያለው።

ይህን ስል በሻንጣ የሚልኩትን መውቀሴ አይደለም። አባት ሌሊት ትንፋሹ ሲቆራረጥ እያየ ወረቀት እስኪያልቅ የሚጠብቅ ልጅ የለም። ነገር ግን ማሽኑ ያለ ወረቀት ከመጣ ጥሪውን ፈልጎ የማግኘቱ ሥራ የእርስዎ ሆኗል፤ ማንም አይደውልልዎትም።

እንዴት ነው የማረጋግጠው?

ማሽኑን ያጥፉ፣ ከሶኬት ይንቀሉ፣ ገልብጡት። ሆዱ ላይ ወይም ጀርባው ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ አለ። ከእርሱ ላይ የሚያስፈልጉት የሞዴሉ ስም፣ የሞዴሉ ቁጥርና ኤስ እና ኤን ከሚሉት ሁለት የላቲን ፊደላት ቀጥሎ ያለው መለያ ቁጥር ናቸው፤ ባለሙያዎች ሲሪያል ቁጥር እንለዋለን። እንደ ኢንሄለር ባሉ ዕቃዎች ላይ ደግሞ የባች ቁጥር፣ ማለትም በአንድ ጊዜ አብረው የተመረቱ ዕቃዎች የሚጋሩት ቁጥር፣ ይፈለጋል። የሞዴል ስም ብቻውን አይበቃም፤ ከአንድ ሞዴል ውስጥ በተወሰነ ጊዜ የተመረቱት ብቻ የሚጠሩበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሁለት ትንንሽ ምልክቶችን ይፈልጉ። ፋብሪካ የመሰለው ምልክት አጠገብ የተጻፈው የተመረተበት ቀን ነው። የአሸዋ ሰዓት የመሰለው አጠገብ ያለው የመጠቀሚያ ጊዜው የሚያበቃበት ነው። ቀኖቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የአሸዋ ሰዓቱ አጠገብ 2020 የሚል የታተመበትን ዕቃ በእኛው 2017 ዓ.ም. ይዘው መጥተው «ገና ሦስት ዓመት አለው» ያሉኝ ሰው ነበሩ። ካለፈበት አምስት ዓመት ሆኖት ነበር።

የጽሑፉን ፎቶግራፍ በስልክዎ ያንሱ፤ ለባሕር ማዶው ዘመድም ይላኩለት። ከዚያ የአምራቹን ድረ ገጽና የኤፍዲኤን የጥሪ ዝርዝር በሞዴሉ ስም መፈለግ ነው። እንግሊዝኛው የሚከብድዎት ከሆነ የሰፈር ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ይበቃል፤ ዋናው ነገር ቁጥሩ በትክክል መገልበጡ ነው። ዜሮን ከኦ፣ አንድን ከአይ ጋር ማሳሳት የተለመደ ስለሆነ ከፎቶግራፉ ላይ ሁለት ጊዜ ያነጻጽሩ።

ሁሉም ሰው የሚያወራው የፊሊፕስ ጉዳይ ምን ነበር?

እ.ኤ.አ. ጁን 14 ቀን 2021 ፊሊፕስ ሬስፒሮኒክስ በሚሊዮን በሚቆጠሩ የሲፓፕ፣ የባይፓፕና የቬንቲሌተር ማሽኖቹ ላይ ጥሪ አወጣ። ሲፓፕና ባይፓፕ በተለይ በእንቅልፍ ጊዜ ትንፋሽ እንዳይቆራረጥ አየር በማስክ በግፊት የሚሰጡ ናቸው፤ ቬንቲሌተር ደግሞ ራሱን ችሎ መተንፈስ ለማይችል ሰው የሚተነፍስለት ነው። በኋላ ቁጥሩ በዓለም ዙሪያ ወደ 5.5 ሚሊዮን ደረሰ። ከተጠሩት ውስጥ እኛ ዘንድ በብዛት የማየው ድሪምስቴሽን የተባለው ነው፤ ከቬንቲሌተሮቹ ደግሞ ትሪሎጂ 100 እና 200፣ እንዲሁም በኮሮና ጊዜ የወጣው ኢ30 ይገኙበታል። ጥሪው የሚመለከተው ከ2009 እስከ ኤፕሪል 26 ቀን 2021 የተመረቱትን ነው።

ጉድለቱ ከመተንፈሻው ክፍል ይልቅ ከድምፁ ጋር የተያያዘ ነበር፤ እኔን ዛሬም የሚገርመኝ ይህ ነው። የማሽኑ ማራገቢያ እንዳይጮህ ተብሎ ውስጡ የተለጠፈ ስፖንጅ አለ፤ ፖሊዩሬቴን የሚባል የፕላስቲክ ዓይነት ነው። ይህ ስፖንጅ ከጊዜ ብዛት ይፈራርሳል። ጥቁር ብናኝ ሆኖ ወደ ቱቦው ሊገባ ይችላል፣ በዓይን የማይታይ ጋዝም ያወጣል። የሚተኛው ሰው ሌሊቱን ሙሉ የሚስበው አየር የሚያልፈው በዚሁ ስፖንጅ በኩል ነው። ሙቀትና እርጥበት መፈራረሱን ያፋጥኑታል፤ በኦዞን የሚያጸዱ ማሽኖችም እንዲሁ። «አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ነች፣ የእኛን አይነካውም» የሚል መጽናኛ እሰማለሁ፤ ማሽኑ ወደዚህ ከመምጣቱ በፊት ስንት በጋ ፍሎሪዳ እንዳሳለፈ ግን የሚያውቅ የለም።

ከኤፕሪል 2021 እስከ 2024 መጀመሪያ ድረስ ኤፍዲኤ ከዚህ ስፖንጅ ጋር ይያያዛሉ የተባሉ ከ116,000 በላይ ሪፖርቶች እንደደረሱትና ከእነዚህ ውስጥ 561 የሞት ሪፖርቶች እንደሆኑ አስታውቋል። ይህን ቁጥር በጥንቃቄ ያንብቡት። ሪፖርት ማለት ጥርጣሬ ተመዝግቧል ማለት ነው እንጂ ሰውየውን የገደለው ማሽኑ መሆኑ ተረጋግጧል ማለት አይደለም። ኩባንያው በ2024 አሜሪካ ውስጥ ለቀረቡበት የጉዳት ክሶች 1.1 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ሲስማማ ማሽኖቹ ጉዳት አድርሰዋል የሚለውን ግን አላመነም።

ድሪምስቴሽን 2 የሚባለው አዲሱ ሞዴል በዚያ ጥሪ ውስጥ አልነበረም። በኖቬምበር 2023 ግን ኤፍዲኤ ስለ መጋልና ስለ እሳት ስጋት የተለየ ማስጠንቀቂያ አውጥቶበታል። የተቃጠለ ሽታ ከሸተትዎ ወይም ማሽኑ ከወትሮው በላይ ከጋለ ይንቀሉት።

ቁጥሩን አገኘሁት፤ ዝርዝሩ ውስጥ አለ። ዛሬ ማታ ላጥፋው?

በዚህ ጥያቄ ላይ ችኮላ ሰው ይገድላል፤ ስለዚህ ሁለቱን ለይተው ያንብቡ።

ታማሚው ያለ ማሽኑ መተንፈስ የማይችል ከሆነ፣ ማለትም ቬንቲሌተር ላይ ያለ ሰው ከሆነ፣ ምትክ ሳይገኝና ሐኪሙ ሳያዝ አያጥፉት። ከብናኙ ስጋት ይልቅ የአየር መቋረጡ ይቀድማል። ሐኪሙ ቱቦው ላይ የባክቴሪያ ማጣሪያ እንዲገጠም ሊያዝ ይችላል፤ ማጣሪያው ብናኙን ይይዛል፣ ጋዙን ግን አያስቆምም። የማሽኑንም ግፊት ስለሚነካ በራስ ፈቃድ የሚገጠም ዕቃ አይደለም።

ታማሚው በእንቅልፍ ጊዜ ብቻ ሲፓፕ የሚጠቀም ከሆነ ውሳኔው የተለየ ሊሆን ይችላል፤ እዚያም ቢሆን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። የልብ ሕመም ያለበት ወይም የረዥም መንገድ ሾፌር የሆነ ሰው ሲፓፑን ቢያቋርጥ የሚገጥመው አደጋ ከሌላው ይከፋል። ለሐኪሙ ሲሄዱ የጽሑፉን ፎቶግራፍ ይያዙ።

ስፖንጁን አውጥተህ ጣልልኝ። ምን ይከብዳል?

በሳምንት አንድ ጊዜ እጠየቃለሁ። አላደርገውም። አምራቹም ኤፍዲኤም ስፖንጁን በራስዎ አታውጡ ብለዋል። ስፖንጁ ሲነሳ በማሽኑ ውስጥ ያለው የአየር ፍሰት ይቀየራል፤ ማሽኑ ደግሞ ግፊቱን የሚለካው ፍሰቱ እንዳለ ይሆናል ብሎ ነው። ሲነቀልም የሚቀር ቁርጥራጭ አይጠፋም፣ ያውም በደረቀ ሙጫ ተጣብቆ።

አንድ ጊዜ የመጣልኝን ማሽን ስከፍት ውስጡ ቢጫ የፍራሽ ስፖንጅ በመቀስ ተቆርጦ፣ በጫማ ማስቲሽ ተለጥፎ አገኘሁ። የሠራው ሰው እጁ የተባረከ ነው፤ ልኩ በትክክል ገጥሟል። ታማሚው ግን ለስንት ወር ማስቲሽ ሲስብ እንደኖረ አላውቅም።

«ታድሷል፣ ስፖንጁ ተቀይሯል» ተብሎ የሸጡልኝስ?

አምራቹ ራሱ ያደሳቸው ማሽኖች አሉ፤ በፖሊዩሬቴኑ ፈንታ ሲሊኮን የተባለ ሌላ ስፖንጅ ገብቶባቸዋል። ነገር ግን የታደሱትም ላይ ችግር ታይቷል። በ2022 መጨረሻ ላይ በአንዳንድ የታደሱ ትሪሎጂ ማሽኖች ውስጥ አዲሱ ስፖንጅ ከተለጠፈበት ፕላስቲክ እየለቀቀ የአየር መግቢያውን ሊዘጋ እንደሚችል ተገለጸ። በ2023 ደግሞ ከታደሱ ድሪምስቴሽን ማሽኖች ጥቂቶቹ ሲሪያል ቁጥራቸው ተሳስቶ ወይም ከሌላ ማሽን ጋር ተመሳስሎ እንደተሞላባቸው ታወቀ፤ ይህ ደግሞ ለአንዱ ታማሚ የታዘዘው ግፊት ለሌላው እንዳይሰጥ ያሰጋል።

ስለዚህ «ታድሷል» ያለዎትን ሰው ማን አደሰው፣ መቼ፣ ወረቀቱ የታለ ብለው ይጠይቁት። መልሱ «ውጭ አገር ነው የታደሰው» ብቻ ከሆነ ያልታደሰ ነው ብለው ይቁጠሩት።

ማሽኑ ደህና ነው፤ ማስኩስ?

የማስኩ ማሰሪያ በማግኔት ጠቅ ብሎ የሚገጥም ከሆነ ልብ ይበሉ። በሴፕቴምበር 2022 ፊሊፕስ ከ17 ሚሊዮን በላይ በሚሆኑ ማግኔት ያላቸው ማስኮች ላይ ጥሪ አውጥቷል፤ ሬስሜድ የተባለው ኩባንያም በ2023 ስለ ራሱ ማስኮች ተመሳሳይ ማስጠንቀቂያ ሰጥቷል። የልብ ምት ማስተካከያ ወይም በማግኔት የሚነካ ሌላ ብረታ ብረት ሰውነቱ ውስጥ ያለ ሰው ይህን ማስክ መጠቀም የለበትም። ማግኔቱ ከእንዲህ ዓይነቱ መሣሪያ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል መራቅ አለበት። አብሮ የሚተኛውንም ሰው ይጨምራል፤ ማስኩን ያጠለቁት ባል ሆነው የልብ ማስተካከያው ያለው ሚስትየው ዘንድ ሊሆን ይችላል።

የአስም ኢንሄለርም ይጠራል?

ይጠራል። ብዙ ሰው ፓፍ የሚለው ሳልቡታሞል ምናልባት በከተማው ውስጥ በብዛት ያለው የድንገተኛ መተንፈሻ መሣሪያ እርሱ ነው፤ በየቦርሳው ውስጥ አለ፣ ግን ማንም እንደ መሣሪያ አይቆጥረውም።

በ2017 ግላክሶስሚዝክላይን አሜሪካ ውስጥ ከ593,000 በላይ ቬንቶሊን የተባሉ የሳልቡታሞል ኢንሄለሮችን ሰብስቧል። የሚገፋው ጋዝ እያፈሰ ነበር፤ ምልክቱም ውጫዊው ማሸጊያ እንደ ፊኛ መነፋቱ ነው። ያ ጥሪ ግን የወጣው ለሆስፒታሎች፣ ለፋርማሲዎችና ለጅምላ ሻጮች እንጂ ለታካሚዎች አልነበረም። እንግሊዝ ውስጥ በ2018 በዱቄት መልክ በሚሳቡ የቬንቶሊንና ሰሬታይድ የተባለ ሌላ የአስም መድኃኒት ባቾች ላይ የወጣው ጥሪ ደግሞ ለታካሚዎችም ነበር፤ መሣሪያው ሙሉ መጠኑን ላይሰጥ ይችላል ተብሎ። አንዱ ጥሪ መደርደሪያ ላይ ያበቃል፣ ሌላው ቦርሳዎ ድረስ ይመጣል። ማሸጊያው የተነፋ ኢንሄለር ከፋርማሲ አይቀበሉ። የባች ቁጥሩ ካርቶኑ ላይ ብቻ እንዳይቀር የብረት ጣሳው ላይ ያለውን ይመልከቱ፤ ካርቶኑን እንጥለዋለንና።

ክሊኒካችን ውስጥ ያለው አምቡ ባግስ? ከእጅ መጭመቂያ ላስቲክ ምን ሊበላሽ ይችላል?

ቫልቩ። አምቡ ባግ የምንለው፣ መተንፈስ ላቃተው ሰው በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጠው ከረጢት፣ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1956 ከሠራው የዴንማርክ ኩባንያ ነው፤ ዛሬ ግን ብዙ ፋብሪካ ይሠራዋል። በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚከፈቱ ስስ ላስቲኮች አሉት። ከመካከላቸው አንዱ ከተገለበጠ ወይም ከተጣበቀ ከረጢቱ ይጨመቃል፣ አየሩ ግን ወደ ሳንባ አይሄድም። የጨመቀው ሰው እጁ ላይ የሚሰማው ነገር ጤናማ ነው ማለት ይቻላል፤ አሳሳቹ ይህ ነው።

ጥሪ ኖረም አልኖረም በየፈረቃው መጀመሪያ ሊደረግ የሚችል ነገር አለ። የማስኩን መውጫ በመዳፍዎ ይድፈኑና ከረጢቱን ይጭመቁ፤ መቋቋም አለበት። ይልቀቁት፤ ወዲያው መሞላት አለበት። ለልጆች የሚሆነው ግፊት ማስተንፈሻ ስላለው ሲጭመቁት ሊያፈስ ይችላል፤ እርሱ ብልሽት አይደለም። ለአንድ ጊዜ ብቻ የተሠራውን አጥበው የሚመልሱ ክሊኒኮች አጋጥመውኛል። ችግራቸውን አውቃለሁ፤ ነገር ግን ቫልቩ ለመታጠብና ለመቀቀል ስላልተሠራ ቅርጹን ይለቃል።

ከአሜሪካ የመጣው የኦክስጅን ማሽኔ ምንም ጥሪ የለበትም፤ ግን ደካማ መሰለኝ።

ይህ የጥሪ ጉዳይ አይደለም፤ ነገር ግን ሁልጊዜ ከጥሪ ጋር ተደባልቆ ስለሚመጣ ልመልሰው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ትልቁ የቤት ኮንሰንትሬተር፣ ማለትም ኦክስጅንን ከአየር ለይቶ የሚሰጠው ማሽን፣ አብዛኛውን ጊዜ 115 ቮልትና 60 ኸርዝ ይላል። የእኛ መብራት 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ሲገዙለት ቮልቱን ያስተካክላል፤ ኸርዙን ግን አይነካም። ስለዚህ ሞተሩ ከታሰበው ፍጥነት አንድ ስድስተኛ ያህል ይጎድለዋል፣ የሚጨምቀውም አየር በዚያው ልክ ይቀንሳል። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። መመሪያው ላይ ማሽኑ እስከ ስንት ሜትር ከፍታ እንደሚሠራ ተጽፏል፤ ማንም አያነበውም።

በደህናው ጊዜ እንዲህ ያለው ማሽን 93 በመቶ ገደማ ኦክስጅን ይሰጣል። መጠኑን በመለኪያ ማስለካት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ቤት ውስጥ ያለው የጣት መለኪያ የሚነግርዎት ስለ ሰውየው እንጂ ስለ ማሽኑ አይደለም። መብራት ሲጠፋ የሚሆን ሲሊንደርም አጠገቡ ይኑር። የቡና ከሰሉና ጧፉ ከሁለቱም ይራቅ።

ቢሮአችን አሥራ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። የጭስ ማምለጫ ጭንብል ገዝተናል፤ እርሱም ይጠራል?

ይጠራል፤ ቁጥሩን ይመዝግቡ። ከጥሪው በፊት ግን የገዛችሁት ምን እንደሆነ እወቁ። አንዳንዱ ኦክስጅን ራሱ ያመነጫል። ገበያ ላይ የሚበዛው ግን ማጣሪያ ያለው ነው፤ እርሱ በአካባቢው ያለውን አየር ያጣራል እንጂ ኦክስጅን አይፈጥርም። ማጣሪያው ካርቦን ሞኖክሳይድን የሚያስቆም ካልሆነ በእሳት ጊዜ ዋናውን ገዳይ አላስቆመም ማለት ነው። ከኮሮና ጊዜ የተረፈው የአፍ መሸፈኛ እዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። ማሸጊያው የተቀደደ ወይም ጊዜው ያለፈበት ከሆነ ተፈትሾ የሚታደስ ነገር አይደለም፤ ይተካል። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥራ አመራር ስልክ 939 ነው፤ ከጭንብሉ ሣጥን በላይ ይለጠፍ።

እዚህ አገር ለማን ነው የማመለክተው?

ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የሕክምና መሣሪያን መመዝገብና መቆጣጠር የእርሱ ሥራ ነው፤ ነፃ የስልክ መስመሩ 8482 ነው። ሲደውሉ የሞዴሉን ስም፣ ቁጥሩን፣ ከየት እንደተገኘና ምን እንደታየ ይዘው ይጠብቁ። «ማሽኑ አስጠላኝ» ከሚለው ይልቅ «ቱቦው ውስጥ ጥቁር ብናኝ አየሁ፣ ፎቶግራፉ አለኝ» የሚለው ሥራ ያሠራል። ማሽኑን የተጠቀሙት በሆስፒታል ከሆነ ለዚያው ሆስፒታል የሕክምና መሣሪያ ክፍልም ይናገሩ።

ባለቤት የሌለው ማሽን ነው፣ በሻንጣ ነው የገባው ብለው አይፍሩ። የሚጠየቁት ስለ ጉድለቱ ነው። አሁን ትንፋሽ ያጠረው ሰው ካለ ግን ስለ ሪፖርት አያስቡ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

የገዛሁት ፒያሳ ነበር። ሱቁ ፈርሷል።

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ብዙ ሻጮች ቦታ ቀይረዋል፤ አብዛኞቹ ስልካቸውን አልቀየሩም። ደረሰኙ ላይ ያለውን ቁጥር ይደውሉ። ደረሰኝ ከሌለዎት ማሽኑ ላይ የአስመጪው ተለጣፊ መኖሩን ይመልከቱ፤ በሕጋዊ መንገድ ከገባ አስመጪው ጥሪውን የማድረስ ኃላፊነት አለበት። ሁለቱም ከሌሉ ከላይ ወደ ሻንጣው ጥያቄ ይመለሱ፤ የእርስዎም ጉዳይ ያው ነው።

ገንዘቤ ይመለስልኛል?

በሻንጣ ለመጣ ዕቃ አይጠብቁ። ከአስመጪ የገዙትን ግን ይጠይቁ፣ በጽሑፍ።

ስንት ጊዜ ነው ማረጋገጥ ያለብኝ?

ለደንበኞቼ የምነግራቸው ዓመት በዓል ሲመጣ፣ ቤት ሲጸዳ እንዲያደርጉት ነው። ለእንቁጣጣሽ መጋረጃ ሲወርድ ማሽኑም ይገለበጥ። ማሽን ከአንድ ሰው ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ ደግሞ የዚያኑ ዕለት ነው። ጎረቤትዎ «ለጊዜው ተጠቀምበት» ብሎ ሲያበድርዎ አመስግነው ይቀበሉ፣ ከዚያ ከመሰካትዎ በፊት ጽሑፉን ፎቶግራፍ ያንሱ። መለያ ጽሑፉ ተልጦ ወይም ተፍቆ የመጣ ማሽን ከሆነ እኔ ለእናቴ አልሰካውም።